ሞተሩ ይለቅና

የአጎቴ የጥሩነህ የቮልስ ሞተር የተነሳ ዕለት ከሀደራ እስከ ቄሳርያ ያለ ወፍ በሙሉ ከየዛፉ ብድግ ብሏል። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ያን ሞተር ሲነሳ የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው፤ አንዴ ብቻ የሰማ ሰው ደግሞ እንዳሻው የማጋነን መብት አለው። ስለ ሞተር የማወራውም ዝም ብዬ አይደለም፤ መኪና አስተማሪ ነኝ። በከተማችን ፍሬቻ አሳይቶ የሚታጠፍ ሰው ካያችሁ አትጠራጠሩ፣ የሃዳስ ተማሪ ነው። ሳያሳይ የሚታጠፈው የሌሎቹ ነው።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከጎንደር ወደ እስራኤል በመጣን በዓመቱ ዕብራይስጡን ከአስተማሪዬ በላይ እናገር ነበር፤ ቢያንስ ከእሷ በላይ ጮክ ብዬ እናገር ነበር። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ቋንቋውን በወጉ የያዘ ስላልነበረ ሬዲዮውም እኔ፣ ጋዜጣውም እኔ ነበርኩ። ያልገባኝን ነገር ደግሞ ከራሴ ጨምሬ አሟላው ነበር።

እናቴ ሸጊቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ደም ግፊቷ ወጣ ወረድ እያለ ሐኪሙን አሳስቦት፣ «ዕቃ አታንሺ፣ ደረጃ አታብዢ፣ አትደንግጪ» ብሏታል። አትደንግጪ ተብሎ ትእዛዝ ሲሰጥ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። እናቷ፣ እኛ እማማ የምንላት፣ ጎንደር ነበረች። የእኛ ተራ ሲደርስ የእሷ አልደረሰም ነበርና ትተናት መጣን። አሁን ግን የእሷም ቀርቧል ተብሏል፤ እናቴ የምትተነፍሰው በዚህ ወሬ ነበር።

ጥሩነህ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገው። እዚህ ቀን ቀን ጋን ሽሙኤል ፋብሪካ ይሠራል፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ በቀጥታ ወደ ራፋኤል ጋራዥ ይሄዳል። ራፋኤል ከሞሮኮ የመጣ፣ ሁለት ቃል ሳይሳደብ ሦስተኛውን የማይናገር፣ ልቡ ግን ቅቤ የሆነ ሽማግሌ ነበር። በጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር ጎማ የሌላት፣ ድመት የወለደችባት አሮጌ ቮልስ ነበረችው። እኛ ቮልስ የምንላትን እነሱ ሂፑሺት ይሏታል፤ ጥንዚዛ ማለት ነው። «ከዓይኔ ዞር አድርግልኝ እንጂ ያንተ ናት» አለው።

አጎቴ የዚያን ዕለት እጁን ሳይታጠብ ቤታችን ገባ።

«እትዬ፣ እማማን ከኤርፖርት የማመጣት በቮልስ ነው!»

«ምነው፣ አውቶቡስ ጠፋ?» አለች እናቴ።

«ጎንደር የዚያን ሐኪም ቮልስ ስታይ እማማ ምን ትል ነበር?»

እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እንቁላል የታቀፈች ዶሮ!»

«በቃ፣ በዶሮዋ ነው የማመጣት።»

ከዚያ በኋላ አልጋ መጣ። አባቴና አጎቴ ተሸክመውት ደረጃውን ወጡ፤ የእኔ ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ አልጋ ጎን ሊገጠም ነው። ከእማማ ጋር ልተኛ ነው ብዬ ለሰፈር ልጆች ሁሉ አውጄ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታዛለች።

«ራስጌው ወደ መስኮቱ ይሁን። አይ፣ አይ፣ ፀሐይ ይነካታል፣ አዙሩት። ጥሩነህ፣ ከፍ አላለም? እግሯ መሬት ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«እሷ እኮ አጭር ናት።»

«ይደርሳል እትዬ።»

አጎቴ አንዱን ብሎን ያጠብቃል፣ መልሶ ያላላል፣ ደግሞ ያጠብቃል። ላቡ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ ጣውላው ላይ ያርፋል። አባቴ «ሲጋራ» ብሎ ወጣና ሳይመለስ ቀረ። እኔ ደግሞ አጎቴን እያየሁ፣ በዓለም ላይ እንዲህ ተጠንቅቆ አልጋ የሚገጥም ሰው የለም እያልኩ እኮራ ነበር።

«ተኛበት እስቲ፣ ይጮህ እንደሆነ እንስማው» አለችው እናቴ።

«የሥራ ልብስ ነው የለበስኩት።»

«ታዲያ አንሶላ አልነጠፍኩበት። ተኛ! ትልቅ ሰው ሆንኩ ብለህ ነው? እስከ ስንት ዓመትህ ከእሷ ጋር ነበር የምትተኛው?»

ጫፉ ላይ ተቀመጠ። አልጋው ሲጥ አለ። አጎቴ እሳት እንደነካው ብድግ ብሎ፣ «ዘይት ይፈልጋል፣ ዘይት ላምጣ» ብሎ ወጣ። ዘይቱንም አላመጣ፣ እሱም የዚያን ቀን አልተመለሰ። ባዶው አልጋ ላይ ወጥቼ የዘለልኩበት እኔ ነኝ።

ዛሬ የማውቀውን እዚሁ ልናገረው። ያ አልጋ ሲገጠም እማማ ከተቀበረች ሰንብታ ነበር። አባቴ ያውቃል፤ አጎቴ ያውቃል። የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ አለና ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፣ እስክትወልድ ይቆይ ብለዋል። ገበያ ላይ እናቴን እያስቆመ «እማማ መቼ ትገባለች?» የሚላት የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሳታጋንኚ አንድ ነገር ተናገሪ ብትሉኝ የምናገረው ይህን ነው፦ ከእናቴ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከእኔም በቀር። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ እንድታርፍ ተብሎ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው ጋራዡ ነበር። እዚያ ዋና መሐንዲሷ እኔ ነኝ፤ አጎቴና ራፋኤል የሚሠሩት እኔ ስፈቅድ ነው። ሞተሩ ተበትኖ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። የቮልስ ሞተር ውሃ አይጠጣም፤ የሚበርደው በአየር ነው። ይህን ሳውቅ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ተነስቼ፣ «አጎቴ ውሃ የማይፈልግ መኪና ፈለሰፈ» አልኩ። አስተማሪዋ እስኪበቃት ሳቀች፤ እኔ ግን ምንም አልመሰለኝም።

ራፋኤል ከአንድ ወርቅ ሠሪ ያገኛት ትንሽ ሚዛን ነበረችው። አጎቴ አራቱን ፒስተኖች በየተራ እሷ ላይ ያስቀምጣል።

«ሃዳስዬ፣ አራቱም እኩል መክበድ አለባቸው። አለዚያ ሞተሩ ራሱን እየደበደበ ይሞታል።»

«ታዲያ በቀላሉ ላይ ትንሽ ብረት ለጥፍበት።»

«አይለጠፍም። ከከባዶቹ ነው የሚፋቀው። ሁሉም ወደ ቀላሉ ይወርዳሉ።»

በሞረድ ከውስጥ በኩል ፋቅ ያደርጋል፣ ይመዝናል፣ ፋቅ ያደርጋል፣ ይመዝናል። የፍቅፋቂው ብናኝ እጁ ላይ እንደ ብር ያበራል። ልክ እኩል ሊሆኑ ሲሉ አንዱን አንድ ጊዜ ይጨምርበታል፤ ያኔ እሱ ይቀልና ሌሎቹ ሦስቱ እንደገና ወደ እሱ መውረድ አለባቸው። «በቃ፣ አበላሸሁት» ይልና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ፊቱ ላይ ግን የተበሳጨ ሰው አይታይም ነበር። እፎይ ያለ ሰው ነበር የሚታየው።

ራፋኤል ከመኪና ሥር ሆኖ ይጮሃል። «ጥሩኔ! ፒስተን ነው የምትሠራው ወይስ የፒታ ቂጣ? ቀጥነው እኮ ሊያልቁ ነው!»

እውነትም አለቁ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ እንዲህ ሲፋቁ ለሥራ እስከማይሆኑ ድረስ ሳሱና ተጣሉ፤ ራፋኤል እየተራገመ ሌሎች አራት ፈልጎ አመጣለት። እኔም ለሰፈሩ፣ የዝንብ እግር ከብዷል ብሎ የሚፍቅ አጎት አለኝ አልኩ።

አንዳንዴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባባ ወልደ ማርያም ይመጣሉ። መታወቂያቸው ላይ ዜኤቭ ተብለው ነው የተጻፉት፤ ቢሮ ሲሄዱ ዜኤቭ፣ ከእኛ ሰው መካከል ወልደ ማርያም ናቸው። ጎማ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መካከል ያቆማሉ።

«እንዴት ነው ልጄ፣ በርትተሃል?»

«ደህና ነኝ አባባ።»

«እህትህስ?»

«መጋረጃ እየሰፋች ነው።»

አባባ ወልደ ማርያም ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ለእሷ?»

«ለእሷ ነዋ።»

ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መታ አደረጉ። ከዚያ፣ «እስክትገላገል ነው ያልነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን አናሳድርም» አሉ። በዚህ መሐል እኔን አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቷ ትሰማለች።»

«አይገባትም» አለ አጎቴ።

አይገባትም! ንዴቴ እስከ ዛሬ አለ። ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር። እናቴ ስትወልድ መኪናዋ አልቃ ድንገት በር ላይ ቆማ ልትታይ ነው፤ ሽማግሌው መጥተው «ይኸው፣ እናትሽን በዚህ እናመጣለን» ሊሏት ነው። ስጦታው ትልቅ ስለሆነ ሽማግሌ ያስፈልገዋል። ምስጢሩን ሳላወጣ ስይዝ ሆዴ ተነፍቶ ከእናቴ ሆድ ይበልጥ ነበር።

ወንድሜ ኤሊራን በሰላም ተወለደ። በብሪቱ፣ በግርዛቱ ቀን ሕፃኑን ጉልበቱ ላይ ይዞ የተቀመጠው ጥሩነህ ነው። እናቴ ናት የመረጠችው። «ይህ የእማማ ቦታ ነበር» አለችው፣ ሁሉም እየሰማ፤ «እስክትመጣ አንተ ያዝልኝ። ስትመጣ ታስረክባታለህ።» አጎቴ ሕፃኑን ይዞ ቀና ብሎ እናቴን እንዳላያት አስታውሳለሁ፤ ብዙ ብረት የሚያነሳ ሰው ትንሽ ነገር ሲይዝ ዓይኑን አይነቅልም ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ሴቶቹ እናቴን ሲስሟት ቶሎ አይለቋትም። ጎረቤታችን ሙኒት አቅፋት ቀረች። ለምን እንደሚያለቅሱ ጠየቅኳት።

«የደስታ ነው የኔ እመቤት» አለችኝ ሙኒት። «የደስታ ነው።»

አጎቴ የዚያን ቀን አልበላም። እናቴ ራሷ ቆርሳ ልታጎርሰው ስትል አፉን ከፈተ፤ ጉርሻውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሲውጠው ግን አላየሁም።

ከብሪቱ በኋላ አባባ ወልደ ማርያም ጋራዥ መጡ። አልተቀመጡም።

«ወልዳለች። ብሪቱም አልፏል።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«እኮ?»

አጎቴ አንድ ፒስተን በእጁ ያገላብጣል። «ሞተሩ ይለቅና። በቮልሷ መጥቼ እናንተን እወስዳለሁ፤ አብረን እንገባለን።»

«ሞተርና ይህ ነገር ምን አገናኛቸው?»

«እባክዎ አባባ። በባዶ እጄ መግባት አልችልም።»

«ስንት ሰው በባዶ እጁ ገብቷል» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ግን ለስለስ ብለው፣ «እሺ፣ ጨርሰውና እንንገራት። ግን ቶሎ። አልጋ አንጥፋ የምትጠብቅ ሴት ፊት መቆም ለእኔም እየከበደኝ ነው» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ አጎቴ ቤታችን መምጣት ተወ። እኔ በየቀኑ እሄዳለሁ፤ እሱ በየቀኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሞርዳል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ራፋኤልን ያዝኩት።

«ለምን አይጨርሰውም?»

ራፋኤል ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ወረወረ። «ሁ መአዜን! መአዜን፣ መአዜን፣ ኮል ሃዮም መአዜን!»

መአዜን በዕብራይስጥ የሚያመጣጥን፣ ሚዛን የሚያስተካክል ማለት ነው። እያመጣጠነ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እያመጣጠነ ነው ማለቱ ነበር። ለእኔ አዲስ ቃል ነው፤ አዲስ ቃል ሳገኝ ደግሞ ለሰው ሳላሳየው ማደር አልችልም። እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ እያገላበጥኩት ቤት ገባሁ።

እናቴ የእማማ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኤሊራንን ታጠባለች። አዲሱ መጋረጃ ተሰቅሏል።

«አጎትሽ ምን ሆኖ ነው የጠፋው?» አለችኝ። «ምን አስቀየምኩት?»

«አልተቀየመም። እሱ መአዜን ላይ ነው።»

«ምን ላይ?»

«መአዜን።»

በእናቴ ጆሮ ውስጥ ያ ቃል ዕብራይስጥ አልነበረም። የሰማችው ማዘን ነው። አማርኛዬ እየተሰባበረ መሆኑን ስለምታውቅ፣ እያዘነ ነው ማለት አቅቶኝ ነው ብላ ነው የወሰደችው።

«ማዘን?» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ! ኮል ሃዮም። ቀኑን ሙሉ። ራፋኤል እንኳ ሰልችቶታል።»

«ምን አግኝቶት ነው የሚያዝነው?»

«ለእማማ ነዋ!»

ሕፃኑ ጡቱን ለቀቀና አለቀሰ። እናቴ አላየችውም።

«ለእማማ?»

«ለእማማ ነው እንጂ ለማን ሊሆን ነው? ሲጨርስ ደግሞ አባባ ወልደ ማርያም መጥተው ይነግሩሻል። ጨርሰውና እንንገራት ሲሉት ሰምቻለሁ። ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔም ዱሮ ነው የማውቀው፤ አልነግርሽም ብዬ ነው!»

ይህን ያልኩት ወገቤን ይዤ፣ አገጬን ቀና አድርጌ ነው።

«አባትሽም ያውቃል?»

«አባዬማ!» አልኩ። አባቴ ማወቁን አላውቅም ነበር፤ ዝርዝሩ ይርዘም ብዬ ነው የጨመርኩት። እውነት ሆኖ ተገኘ።

እናቴ ተነሳች። ሕፃኑን በነጠላዋ አዝላ፣ የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ራሷን ሳትሸፍን ደረጃውን ወረደች። ዕቃ አታንሺ፣ ደረጃ አታብዢ የተባለች ሴት ናት፤ ሮጬ ነው የደረስኩባት። መንገዱ በፀሐይ ነጭ ሆኗል። ገበያው ዳር ላይ ሙኒት ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘናት። የእናቴን ራስ አየች፤ እግሯን አየች፤ አፏን በእጇ ያዘች። አንድም ቃል ሳትጠይቅ ዘንቢሏን እዚያው ትታ ከኋላችን ገባች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሴት ተጨመረች፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ደግሞ ሌሎች። ግማሽ ሀደራ ተከተለን ብዬ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ፤ አንድ እፍኝ የማይሞሉ ሴቶች ነበሩ። እኔ ግን ከሰልፉ ፊት ሆኜ እየዘለልኩ ነበር። ምስጢሩ አምልጦኝ እንኳ ነገሩ ይህን ያህል አምሮ ይገኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መኪናችንን ለማየት ሕዝብ ወጣ!

ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ አጎቴ ጥጉ ላይ ሞረዱን ይዟል። ቀና ሲል እናቴን አየ። ከእናቴ ኋላ ሴቶቹን አየ። ሞረዱ ከእጁ ወደቀ።

ራፋኤል ግን አማርኛ አያውቅም። ያየው አራስ እህት ከነልጇ፣ ከነጎረቤቶቿ መምጣቷን ነው። ፊቱ በራ።

«ማዛል ቶቭ! ማዛል ቶቭ! እንኳን ደስ ያላችሁ! መጣችሁ በመጨረሻ!»

«ሎ፣ ራፋኤል፣ ተው» አለ አጎቴ። «ሎ፣ ሎ።»

ራፋኤል አልሰማውም። መሐል ላይ የነበረውን ሸራ ገፈፈው። ሞተሩ እዚያ ነበር፤ ተገጥሞ ያለቀ፣ ከመኪናው ውጭ የብረት መቆሚያ ላይ የተቀመጠ፣ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ። ውሃ የማይፈልግ ሞተር ነውና እንዲሁ ራቁቱን ይነሳል። ራፋኤል የሻይ ብርጭቆውን ከነሻዩ አናቱ ላይ አስቀመጠ፤ የአጎቴን ሥራ ሊያሳይ ነው። ሽቦውን ከባትሪው አገናኘ።

ተነሳ። ወፎቹን ነግሬያችኋለሁ። ቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ ግን እንደ ረጋ ኩሬ ቀጥ ብሎ ቆመ። አራቱም እኩል ነበሩ። እናቴ አፏን ከፍታ አጎቴን አንድ ነገር ትለዋለች፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሴቶቹ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፣ ደረታቸው ላይ ያወርዳሉ። እየጨፈሩ ነው አልኩ። እናቴም የምትዘፍን መሰለኝ። አጎቴ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ በገዛ ሥራው ተደንቆ ሞተሩን ሊያዳምጥ ነው አልኩ። እኔም ባለኝ ኃይል ሁሉ አጨበጨብኩ።

ራፋኤል የአጎቴን ፊት ሲያይ ሽቦውን ነቀለ። ሞተሩ ቆመ። የእኔ ጭብጨባ ለብቻው ትንሽ ቀጠለ።

«መቼ?» ትል ነበር እናቴ። ስትጮህበት የነበረው ቃል ይኸው አንዱ ነው። «መቼ? መቼ?»

ትልቅ ስሆን፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ዕለት፣ ራፋኤል ሻይ ጋብዞኝ ነገረኝ። ሞተሩ ኤሊራን ሳይወለድ አልቆ ነበር። አጎቴ ሸራ አልብሶት፣ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሲሞርደውና ሲመዝነው የነበረው ከቆሻሻው ያነሳቸውን እነዚያኑ የተጣሉትን ፒስተኖች ነው። «ያበደ መስሎኝ ነበር» አለኝ ራፋኤል። «ብትነግሩኝ ኖሮ ያን ሽቦ እቆርጠው ነበር።»

ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። አባባ ወልደ ማርያም እናቴ እግር ሥር ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ፤ አባቴም ጠየቀ። እናቴ ለሁሉም አንድ መልስ ነበር የምትሰጠው። «ምን ታደርጉ። ልጅ በሆዴ ነበር። ወግ ነው።» አጎቴ ጥግ ላይ፣ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ይቀመጣል፤ ለእሱም ይህንኑ አለችው። «ወግ ነው ጥሩነህ። ተነስ፣ ብላ።»

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይቅር ተብሎ ነበር። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀውም። ሰው ሁሉ ሲበተን ግን አጎቴ እንደተቀመጠ ቀረ።

«እትዬ፣ ሌላም አለ።»

እናቴ ፍራሹን እያጠፈች ነበር።

«ከመሞቷ በፊት ታማ ሰንብታለች። ቤት ስልክ ስላልነበረን ጋራዡ ስልክ ላይ ትደውል ነበር። አንቺን ነበር የምትፈልገው።»

«ምን አልካት?»

«አንዴ ተኝታለች አልኳት። አንዴ ሐኪም ቤት ሄዳለች አልኳት። አንዴ…» የጫማ መደርደሪያውን ጫፍ ያዘ። «ድምፅዋ ደክሞ ነበር እትዬ። ብትሰሚው ትደነግጫለሽ ብዬ ነው። ስትድን ታናግርሻለች ብዬ ነው። ድምፅዋን ብቻ አሰሙኝ ነበር የምትለው፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችም።»

እናቴ እንደምትጮህ ጠበቅኩ። ፍራሹን አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ምን ብላ ጠራችኝ?»

«ሸግዬ ብላ።»

«እንዴት ብላ?»

«ሸግዬ።»

«አይደለም» አለች። «እንደዚያ አይደለም የምትጠራኝ።»

ከዚያ ሂድ አለችው። ሞቷን መደበቁን ይቅር ብላው ነበር፤ ይህንን ግን ይቅር አላለችውም።

በሚቀጥለው ዓርብ ግን መጣ፤ እሷም በር ከፈተችለት። አበላችው። በልቶ ሲጨርስ፣ «ጥራኝ» አለችው። «ሸግዬ» አለ። «አይደለም» አለች። በቀጣዩም ዓርብ እንዲሁ። ዓመታት እንዲሁ ሄዱ። ለእኔ ጨዋታ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ «ሸግዬ! ሸግዬ!» እያልኩ ከአጎቴ ጋር እወዳደር ነበር፤ ከእሱ ይልቅ እኔ አሳምሬ እጠራታለሁ ብዬም እምል ነበር። እናቴ ዝም በይ አትለኝም፤ የምትሰማው እሱን ብቻ ነው። እሱም ምሳውን በልቶ ይህን ሊሰማ ከከተማው ጫፍ በእግሩ ይመጣል። ቅጣት ይሁን ምሕረት ዛሬም መለየት አልችልም፤ ግን ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱም አይኖሩም ነበር።

ቮልሷን አጎቴ አልነዳትም። ሞተሩን የገጠመላት ራፋኤል ነው፤ አሁን የልጅ ልጁ ይነዳታል። አንዳንድ ቅዳሜ ናሓል ሀደራ መናፈሻ ዛፎቹ ሥር ከአሮጌ መኪኖች ጋር ቆማ አያታለሁ፤ ሰው ይሰበሰብባታል። እኔም ቆሜ የማን ሥራ እንደሆነች ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ እለፈልፋለሁ።

ያለፈው ዓርብ እናቴ ቤት ነበርን። አጎቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ ያ ወፍራም ድምፁ ቀጥኖ፣ ከጉሮሮው ሳይሆን ከአፍንጫው የሚወጣ ሆኗል። እናቴ ደግሞ ሰሞኑን ትረሳለች። በልተን ጨረስን፤ እሷም ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ጥራኝ አላለችውም። አጎቴ ጠበቀ። ወደ እኔ አየ። ከዚያ ሳይጠየቅ፣ አንገቱን ወደ በሩ አዘንብሎ፣

«ሸግዬ…» አለ።

እናቴ ለታናሽ ወንድሟ ጥሪ መልሷ «ወይ» ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ መልሳለት አታውቅም። ሳህኑን እንደያዘች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እናቷ ፊት እንደቆመች ልጅ በቀጭኑ፣

«አቤት» አለች።